ሰባት ቤት ሲቆጠር ያልተጠራችው

አጥንቱን የሚያመው ሰው የኅዳር ውርጭ መምጣቱን ከማንም ቀድሞ ያውቃል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቅ ነበር። መጀመሪያ ጣቶቼ ያብጣሉ፤ ቀጥሎ ጭኔና ወገቤ ይጠዘጥዙኛል፤ የዓይኔም ነጩ ብጫ ይሆናል። ጥቂት ቀን ተጠቅልዬ እተኛና ምንም እንዳልነካው ሰው እነሣለሁ። የሰፈሩ ሰው ለዚህ ነገሬ ስም አላጣለትም። አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ ሌላው መጋኛ፣ ሌላው ደግሞ ሥራ ስትፈራ ነው ይላል። እኔ ከሦስቱ የምወደው የመጨረሻውን ነበር። ሰነፍ የተባለ ሰው ይሰደባል እንጂ ስለ ዘሩ አይጠየቅም።

ስለ ዘሬ መጠየቅን የምፈራበት ምክንያት ነበረኝ። አባቴ በቁይ አካባቢ ርስት ያለው፣ ሰው የሚፈራው ባላገር ነበር። ባለቤቱ መካን ነበረች። በቤቱ ብርቄ የምትባል ገረድ ነበረች፤ በልጅነቷ ወደ ሱዳን ከሚወስደው ቆላ ተነጥቃ፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ኖራ አባቴ ቤት የደረሰች። ብርቄ ከአባቴ ፀነሰችና እኔን ወለደች። ገረዲቱ አጠባችኝ፣ እመቤቲቱ ልጄ ብላ አሳደገችኝ፤ ከአጥር ውጭ ላለው ሰውም የእመቤቲቱ ልጅ ሆንሁ። መልኬ ቁርጥ አባቴን ስለነበር ነገሩ ተዳፍኖ ቀረ።

እውነቱን የሰማሁት ዳዊት መድገም በጀመርሁበት ዕድሜ ነው። አንዲት የአባቴ ዘመድ ተቆጥታኝ፣ የብርቄ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቃል አለችኝ። ማንንም አልጠየቅሁም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ብርቄ ጠጉሬን እንድትሠራኝ አልፈቀድሁም። እሷም ለምን አላለችም። እንዳወቅሁ አወቀች፣ እኔም እንዳወቀችብኝ አወቅሁ፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እውነት ነው፣ የእኛም ዝምታ ሳይነቅዝ ስንት ዓመት ተቀመጠ።

ለአቅመ ሔዋን ስደርስ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ላለ ጨዋ ቤት ተዳርሁ። ሽማግሎች እንደ ልማዱ ሰባት ቤት ቆጠሩ። የአባቴ ወገን ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እየተጠራ ሽቅብ ወጣ፤ በእናቴ በኩል ደግሞ የእመቤቲቱ አባትና አያቶች ተጠሩ። ብርቄ ያን ጊዜ በሽማግሎቹ መሀል እየተመላለሰች ጠላ ትቀዳ ነበር። ስዳርም ገረዴ ሆና ተሰጠችኝ፤ እኔ በበቅሎ፣ እሷ በእግሯ ወደ ብርዱ አገር ወጣን።

ብዙ ሳይቆይ አባቴም ባለቤቱም ሞቱ። ቀጥሎ ጠላት አገራችን ገባ። ባሌ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ፤ እኔ ከእናቱ ከእመት አንጓች ጋር ቀረሁ። ጠላት ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ባሪያ ነፃ ወጥቷል ብሎ ሲያስነግር በየቤቱ የነበሩት ገረዶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ብርቄ አልሄደችም። አማቴ ያንቺዋስ ምን ይዟት ቀረች ብላ ስትጠይቀኝ፣ ታማኝ ናት፣ እኔን ትታ አትሄድም ብዬ ተኩራራሁ። ይህን ቃሌን ሳስታውስ ብቻዬን በተቀመጥሁበት ፊቴን በነጠላዬ እሸፍናለሁ።

ባሌ አንድ ጊዜ ተደብቆ ቤቱ መጥቶ ከሄደ በኋላ ፀነስሁ። ጾመ ነቢያት ሲገባ ሆዴ ገፍቶ ነበር። አማቴ ደግ ሴት ነበረች፣ አልዋሽባትም። እርጉዝ ናት ብላ የነፍስ አባታችንን አስፈቅዳ ጾሙን ልታስፈታኝ ፈልጋ ነበር። እምቢ ያልሁት እኔ ነኝ። የጨዋ ልጅ መሆኔን ማንም እንዳይጠራጠር ከጨዋዎቹ ሁሉ የበለጠ እጾም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም። ብርቄ ከጓዳ ጓዳ በዋንጫ ውሃ ይዛ ትከተለኛለች። ትንሽ ፉት በዪ የኔ እመቤት ትለኛለች፤ እኔም ጾም መሆኑን ረሳሽው ወይ ብዬ አባርራታለሁ።

አንድ ጠዋት ከአልጋ ልነሣ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። የለመድሁት ሕመም መሰለኝ፤ ግን የለመድሁት አልነበረም። ወገቤን እንደያዘ ወደ ጀርባዬ ወጣ፣ ከጀርባዬ ወደ ደረቴ ተዛወረ። አማቴ ዓይኔን ገልጣ አየችና ይህስ የሰው ሥራ ነው፣ ጠበል ትግባ አለች።

ጠበሉ ከተራራው ሥር ከዓለት የሚፈልቅ ነው። በጠዋት ስንደርስ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ብሎ ነበር። የጠበሉ ቄስ ሆዴን አይተው ለነፍሰ ጡር መጠጣቱ ይበቃታል አሉ። አማቴ ግን ካልተጠመቀች የያዛት አይለፈልፍም ብላ ለመነቻቸው። ይህን ስትል ከብርዱ የባሰ ፍርሃት ያዘኝ። በጠበል ሥር የገቡ ሰዎች ሲለፈልፉ አይቻለሁና። ቡዳው በአፋቸው እየተናገረ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የማን ወገን እንደሆነ ይናገራል። እኔም ውሃው ሲነካኝ አፌ ተከፍቶ የብርቄ ልጅ ነኝ የሚል ቃል ቢወጣኝስ?

ውሃው ሲወርድብኝ ነፍሴ የተነጠቀች መሰለኝ። አማቴ ከአጠገቤ ቆማ በውስጤ አለ የምትለውን ትጠይቃለች፤ "ማነህ? ከየት መጣህ? ተናገር!" ትላለች። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ያዝሁ። ሕመሙ አጥንቴን ሲሰብረኝ እንኳ አልጮህሁም፤ ብጮህ ቀጥሎ የሚወጣውን ቃል አላምነውም ነበር። ከንፈሬ ደማ። ሰዎቹ ደንዳና ነው፣ እልኸኛ ነው የያዛት ተባባሉና በማግስቱ መልሰው አመጡኝ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ።

ከሁለተኛው ጠበል መልስ መተንፈስ አቃተኝ። አየሩ ደረቴ ድረስ ይመጣና አይገባም። ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴ አልወልቅ አለ። በሆዴ ያለው ልጅ ከወትሮው እርግጫው ቀነሰ፤ ቀጥሎም ጨርሶ ዝም ያለ መሰለኝ። አማቴ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ምንም አላገኘችም። ልጇ ከጫካ ይመለስ አይመለስ አይታወቅም። ከቤቱ የሚተርፍ ነገር ቢኖር በሆዴ ያለው ብቻ ነበር፤ ይህን እሷም እኔም እናውቃለን። ደሟ ረግቶ ነው ብላ ዋግምት የምታግም ሴት አስጠራች።

ሴትዮዋ ቀንዷን አስቀምጣ ምላጯን ስታወጣ፣ ብርቄ ከምድጃው ዳር ተነሥታ መጥታ በመሀላችን ቆመች። በዚያ ቤት ስትላክ እንጂ መንገድ ስትዘጋ ታይታ አታውቅም።

"ደም አታፍስሱ" አለች። "ደም የላትም፤ ከንፈሯን እዩት።"

አማቴ ከመቆጣት ይልቅ ተገረመች። "አንቺ ምን አውቀሽ ነው?"

"ምንም አላውቅም እሜቴ። ወንድሜን እንዲህ አድርጎ ሲያመው አየሁት። እሱ ሞተ።"

ወንድም እንደነበራት ያን ዕለት መስማቴ ነበር። አጎቴ መሆኑ ነው። በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል ወሬውን ሰው ሰምቶ ነገሩን ከእኔ ጋር እንዳያያይዘው ሰጋሁ።

ብርቄ በዚህ አላበቃችም። ደብረ ማርቆስ የጠላት ሐኪም አለ፣ የገበያ ሰው ሲታከም ሰምቻለሁ፣ እዚያ እንውሰዳት አለች። አማቴ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። ልጇ ከእነሱ ጋር እየተታኮሰ ሚስቱን በገዛ እጇ ለእነሱ ልታስረክብ ነው ወይ? አገር ምን ይላል? እሱስ ሲሰማ ምን ይላል? ብርቄ ሁሉንም አስጨርሳ ሰማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ልጁስ?"

አማቴ እንደገና እጇን ሆዴ ላይ አደረገች። ከዚያ ወጥታ ጎረቤቶቿን ቃሬዛ እንዲያበጁ አዘዘች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ አማቴ እርጉዟን አሸክማ ጠላት ደጅ ሄደች።

የመንገዱን ብዙውን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ብርቄ ከቃሬዛው ጎን ጎን እየሮጠች፣ በቅል የያዘችውን ለብ ያለ ውሃ በየመንገዱ አፌ ላይ ስታደርግ ነው። ጾም ነው ልላት ሞከርሁ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። "ኃጢአቱ በኔ ይሁን፣ ጠጪ" አለችኝ። ጠጣሁ። ቁልቁል በወረድን መጠን ብርዱ እየቀለለ ሲሄድ ትንፋሼ ጥቂት ተመለሰ። አማቴ ተሸካሚዎቹን ደጋግማ ታስጠነቅቃለች፤ ሴትዮዋ የማን ሚስት ናት ብለው ቢጠይቋችሁ የእርሻ ሰው ሚስት ናት በሉ፣ ሌላ ነገር እንዳታወጡ ትላለች።

በምሽጉ በር ላይ የቆመው ወታደር የጠየቀው ግን አማቴን ነው። የታማሚዋ ባል የት አለ አላት። "ሞቷል" አለች። በሕይወት ያለ ልጇን በገዛ አፏ ገድላ አለፈች። ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስታማትብና ስታለቅስ አየኋት።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ሳል ያለበት ሰው ነበር። ደግ ነው ለማለትም ክፉ ነው ለማለትም አልችልም። ፊቴን አላየም፤ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ፣ ጥፍሬን ተጭኖ፣ ሆዴን አዳምጦ ነው ያየኝ። ልጁ በሕይወት አለ ብሎ በአስተርጓሚው ሲያስነግር አማቴ መሬት ሳመች። በብርድ ልብስ እንድጠቀለልና ውሃ በብዛት እንድጠጣ አዘዘ። ከጣቴ አንዲት የደም ጠብታ ወስዶ በሁለት ትንንሽ መስታወቶች መሀል አሽጎ አስቀመጠ።

በማግስቱ ያንን መስታወት በናስ ቱቦ ሥር አድርጎ በአንድ ዓይኑ ተመለከተ። እንደ ሕፃን ደስ አለው። እየሮጠ ወጥቶ ሌሎች መኮንኖች ጠራና እየተፈራረቁ በቱቦው አጮለቁ፤ አንዱ አይቶ ዞር ይልና እኔን ያየኛል፣ ሌላው አይቶ እኔን ያየኛል። የተኛሁበት ቦታ ጠበበኝ። አስተርጓሚው የመረብ ማዶ ሰው ነበርና ምን አግኝተው ነው ብላ አማቴ ጠየቀችው። የሰው ደም ክብ ነው አለ፣ የእሷ ግን ታጥፎ ማጭድ መስሏል፤ ይኸው ማጭድ በየሥሯ እየተሰካ ነው አጥንቷን የሚያማት።

ቀጥሎ ሐኪሙ የፈራሁትን ጥያቄ አመጣ። ይህ ደም የደጋ ሰው ደም አይደለም፣ ከቆላ ጥቁሮች ዘር ነው የሚገኘው፣ በማን በኩል ነው አለ። አማቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ቆመች። ምራቷ የማን ልጅ እንደሆነች በጠላት ፊት ልትናገር ነው። የአባቴን ስም ጠራች፣ አባቱን ጠራች፣ አያቱን ጠራች፤ ሽማግሎቹ ያን ቀን የቆጠሩትን ሰባቱንም ቤት አንድ ሳታስቀር ቆጠረች። ይህ አጥንት ከየት ቆላ ይገኛል አለች። ብርቄ ከበሩ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ደሟ ተመናምኗል፣ ሌላ ሰው ደም ካልሰጣት እሷም ፅንሱም አይተርፉም አለ። የሥጋ ዘመድ ቢሆን ይሻላል፣ ማን አላት? አማቴ ዘመዶቿ ቁይ ናቸው፣ እስኪደርሱ ትሞትብኛለች፣ የኔን ውሰዱ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ደሟን ከኔ ደም ጋር በመስታወት ላይ ደባልቆ አየና አይስማማም አለ። ቃሬዛ የተሸከሙት ሰዎች ደግሞ ምሽጉን ፈርተው ከደጅ ተመልሰው ነበር።

ያን ጊዜ ብርቄ ከበሩ ተላቃ መጣች። ክንዷን ለሐኪሙ ዘረጋች። አስተርጓሚው የሥጋ ዘመድ ነው የተባለው፣ አንቺ ገረዷ አይደለሽም ወይ አላት።

"እናቷ ነኝ" አለች።

ድምጿን አላነሣችም። ውሃ ሞላሁ፣ እንጨት አመጣሁ በምትልበት ድምፅ ነው የተናገረችው።

አማቴ ወደ እሷ አላየችም፤ ወደ እኔ ዞረች። "የሺ፣ ይቺ ሴት ምን ትላለች?"

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት እዚህ ለመድረስ ነው። ነቅቼ ነበር። ምላሴም ይታዘዘኝ ነበር። አዎ ብል ልድን ነው፣ ልጄም ሊድን ነው፤ አዎ የምትለው ቃል ግን ከሞት የባሰች መሰለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ራሴን የሳትሁ መሰልሁ። የገዛ እናቴ ክንዷን ዘርግታ ቆማ፣ አማቴ መልስ እየጠበቀች፣ እኔ እንደ ሬሳ ተኛሁ።

ብርቄ ገባት። ጨፍኜም የምታየኝ መሆኗ ተሰማኝ።

"አትጠይቋት እሜቴ፤ ደክማለች" አለች።

ደሟ ከደሜ ተስማማ። ሐኪሙ ከእሷ ክንድ በመርፌ እየቀዳ ወደ እኔ ክንድ አስገባ፤ እኔ አልጋ ላይ፣ እሷ ከሥሬ ሰሌን ላይ። እያደር ሙቀት ወደ እጄና እግሬ ተመለሰ፤ ከሰዓት በኋላ ልጁ ረገጠኝ። ሐኪሙ ሳይበቃው የብርቄንም ጠብታ አሽጎ አስቀምጦ ነበርና በኋላ ሲያየው ማጭድ አገኘበት። አየሽ፣ ከእናትሽ ነው ብሎ በአስተርጓሚው አስነገረኝ። ግምቱ በመያዙ ደስ ብሎት ወጣ።

አማቴ ነገሩን ከሰማች በኋላ ወጥታ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ዋለች። ስትመለስ ዓይኗ አብጧል። በእኔና በብርቄ መሀል ተቀመጠችና ለእሷ ተናገረች። "ስሚኝ ብርቄ። ልጄ ይህን አይሰማም፣ አገርም አይሰማም። የሰማነው እዚሁ ይቅር።" ብርቄ እሺ እሜቴ አለች። ከዚያ አማቴ እኔን አየችኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ፤ ይህንንም አልደብቃችሁም። ብርቄ ለግማሽ ቀን እናቴ ሆነች፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ገረዴ ነበረች።

ሐኪሙ እስክትወልድ ወደ ደጋው አትመለስ፣ ብርድ አይንካት፣ ደም እንዳታፈሱባት፣ ውሃ ሳትጠጣ አትዋል አለ። ደብረ ማርቆስ አንድ እስላም ነጋዴ ጓዳውን ለቀቀልን፤ እዚያ ተቀመጥን። ብርቄ ትእዛዙን ሁሉ በቃሏ ያዘችው። ውሃ አፍልታ አቀዝቅዛ በየጊዜው ታጠጣኛለች፤ ጠጠር አሙቃ በጨርቅ ጠቅልላ ወገቤ ላይ ታደርጋለች፤ ጉበትና ጎመን እየፈለገች ታበላኛለች። አማቴ ራሷ ጾሙን አስፈታችኝ። ሕመሙ ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ መጣብኝ፤ ግን እንደዚያ ሳይጠናብኝ አለፈ። ሴት ልጅ በሰላም ተገላገልሁና ከሞት የተረፈች ናት ብለን ትርፌ አልናት። መጀመሪያ የታቀፈቻት ብርቄ ናት። ማንም ሳይጠይቃት ለአማቴ አሳልፋ ሰጠቻት።

ጠላት ወጣ፣ ባሌም ከጫካ በሰላም ተመለሰ። ምንም አልሰማም። ትርፌ በብርቄ ጀርባ ላይ አደገች፤ አፏን ስትፈታም ብርቄን እማ አለቻት። እንግዶች ተቀምጠው ነበር። ልጅቱን በጥፊ አልኋትና ገረድ እማ አይባልም አልሁ። ብርቄ ሕፃኗን አዝላ ወጣች፤ ከደጅ እሹሩሩ ስትላት እንሰማ ነበር። አማቴ የያዘችውን ዋንጫ አስቀምጣ ከቤት ወጣች፤ ያን ቀን አላናገረችኝም። ብርቄ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሳል ሞተች። ያለቀስሁላት እመቤት ለገረዷ የምታለቅሰውን ያህል ነው፤ ከዚያ ማብዛት ሰው ያስጠረጥር ነበርና።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ሳልጽፈው ይዤው እሞት ነበር። ግን ትርፌ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ፣ አማኑኤል ከሚባለው ከተማ ካለ ቤት ሽማግሌ ሊላክ ቀን በተቆረጠበት ወቅት ያ ሕመም እንደገና ጣለኝ። አሁን በደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ያገኘሁት የእኛው አገር ልጅ ነው። ደሜን አየ፤ በሽታው ሲክል ሴል፣ ማለትም ማጭድ መሳይ ደም፣ እንደሚባል፣ እዚህ ዕድሜ መድረሴ እግዚአብሔር ቢረዳኝ እንደሆነ ነገረኝ። እኔም የማውቀውን ልነግረው፣ ከእናቴ ወገን ነው የመጣብኝ አልሁት።

"ከእናትዎ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይታመሙም ነበር" አለኝ። "ከአንድ ወገን የወረሰ ሰው ይዞት ይኖራል እንጂ እንደ እርስዎ አይታመምም። አባትዎም ነበረባቸው ማለት ነው።"

አባቴ ንጹሕ ነው፣ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል አልሁት። ወጣቱ ሐኪም በትሕትና መድኃኒቴን ጻፈልኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አማቴ በጠላት ፊት ቆማ የጠራቻቸው የእነዚያ ጌቶች ስም አንድ በአንድ እየመጣ ፊቴ ቆመ። የሁሉም አባት ተጠርቷል። ከእነዚያ ወንዶች የአንዱ እናት ግን፣ ይህ ደም ሌላ መግቢያ የለውምና፣ ጠላ ቀጂ ነበረች፤ ወልዳ ለእመቤቲቱ የሰጠች፣ ስሟ ያልተቆጠረ ሌላ ብርቄ ነበረች። ከእሷ የወረደውን ደም አባቴ ይዞት ኖሮ አወረሰኝ። ስፈራው የኖርሁት የእናቴ ነውር ከአባቴም ቤት ነበር፤ እናቴን የካድሁት በሌለ ንጽሕና ነው።

ሐኪሙ ልጄም ሳትታመም ይዛው እንደምትኖር፣ የሚያገባትም ልጅ ይዞት እንደሆነ ልጆቻቸው እንደ እኔ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነገረኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት የተተረተው ለእኔ ነው። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ በተለይ እናንተ ልጅ የምትድሩ፣ ወገን ስትቆጥሩ ጓዳውንም ቁጠሩ እላችኋለሁ። ነፍሰ ጡር አጥንቷን ሲያማት በቀዝቃዛ ውሃ አትንከሯት፣ ደሟን አታፍስሱ፣ ውሃ አትከልክሏት፤ ወደ ሐኪም ውሰዷት። የእኔን ሞኝነት አይታችሁ አንዲት ሴት ብታተርፉ ደስ ይለኛል።

ሽማግሎቹ የመጡ ቀን ባሌ ሙቶ ስለነበር የምመልሰው እኔ ነበርሁ። አማቴ አርጅታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ትርፌ ከመጋረጃው ጀርባ አለች። ጋብቻው አልፈረሰም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ልጁም ተመርምሮ ነፃ ሆኖ ተገኘ። የባሌን ወገን ቆጠርሁ፣ የአባቴንም ቆጠርሁ። የእናትሽስ አሉኝ።

ወደ አማቴ አየሁ። ዓይኗን አልሸሸችም፤ ተናገሪ እንደማለት ራሷን ዝቅ አደረገች።

"እናቴ ብርቄ ትባላለች" አልሁ። "በዚህ ቤት ገረዴ የነበረችው።"

እናቴ የምትለው ቃል ከብርቄ ስም ጋር ከአፌ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከመጋረጃው ጀርባ ትርፌ ስታለቅስ ሰማሁ። ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ግን ከመሀላቸው አንዱ፣ ሽበታም ሰው፣ አልተቆጡም። ሥራውን እንደያዘ ሰው ረጋ ብለው ጠየቁኝ።

"መልካም። የብርቄ አባት ማን ይባላል?"

አላውቅም ነበር። የአባቷን ስም፣ ያ የሞተው ወንድሟ ምን ይባል እንደነበር፣ ብርቄ ከመባሏ በፊት እናቷ እሷን ማን ብላ ትጠራት እንደነበር አላውቅም ነበር። ያን ያህል ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም።